ስምንት ይበቃሉ

«ስምንት ሠራተኛ ይበቃል ብሎ የጻፈው ማን መሰለሽ? ጄነሬተሩ!»

«ውሸትሽን ነው! እህቱ እዚያው መስኮት ላይ ተቀምጣ?»

«ምን ታደርጊዋለሽ፣ ስሟ ተለጥፏል። ከነመስኮት ቁጥሯ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሱ ጆሮ ግን በዚያ ዓርብ ጠዋት ባዳ አልሆነችለትም። የሻይ ክፍሉንና የእሱን ክፍል የሚለያቸው አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ማዶ ስኳር ሲማሰል ወዲህ ይሰማል። ክፍል ማለት እንኳ ለወግ ነው። ድሮ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች ይወረወሩበት የነበረ መጋዘን ነው። አሁን መሐሉ ላይ የብረት ቁም ሣጥን ቆሞ፣ በውስጡ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ሲያጓራ ይውላል። ጥግ ላይ ከማቀዝቀዣው የሚንጠባጠበውን ውሃ የሚቀበል ባልዲ አለ፤ መስኮቱ ከተቀባ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም። እሱ በባልዲውና በቁም ሣጥኑ መካከል በተረፈችው ቦታ ጠረጴዛ ሸጉጦ ይቀመጣል። እሱን ጄነሬተር የሚሉት ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የተቀጠረው የመሥሪያ ቤቱን ጄነሬተር እንዲያስነሳና እንዲያጠፋ ስለነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ሊጠግኑ ለሚመጡ ባለሙያዎች ባትሪ እየያዘ፣ ገመድ እያቀበለ፣ አፍ አፋቸውን እያየ ተማረ። ባለሙያዎቹ መምጣት ሲያቆሙ ሥራው እሱ ላይ ቀረ። ሥራው ተለወጠ እንጂ ስሙ አልተለወጠም፤ ደመወዙም እንደ ስሙ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር። «ስምንት ይበቃል» የሚለውን ሲሰማ፣ ለካ ስለኔ ሥራም በሻይ ሰዓት ይወራል አለና ብርጭቆውን እንደያዘ ፈገግ አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲለካ፣ ሲቀንስ፣ ሲጨምር የከረመበት ቁጥር ነው። ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ የቀረው «ስሟ ተለጥፏል» የሚለው ሲመጣ ነው። ሻዩን ሳይጠጣ አስቀመጠው። ሻይ በዚያ ሳምንት ዋጋዋ በሦስት ብር ጨምሮ ነበር፤ በሌላ ቀን ቢሆን ጠብታ አይተርፋትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቱ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ሰው እቤቱ ሆኖ በስልኩ እንዲያመለክት ተብሎ ድረ ገጽ ከተከፈተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ግን ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሁሉም አንድ ላይ ሲገባ ይወድቃል። ሲወድቅ የሚሰደበው እሱ ነው። በር ላይ የሚቆም አንድ ፕሮግራም አለ፤ ሰርቨር ይሉታል። ሰርቨሩ እንደ ዘበኛ ነው፤ ባለጉዳይ ይቀበላል እንጂ ጉዳይ አይፈጽምም። ጉዳዩን የሚፈጽመው ከጓሮ ያለው ሌላ ፕሮግራም ነው። ጥያቄው ሁለቱን እንዴት እናገናኛቸው ነው። እስከ ዛሬ የተሠራበት መንገድ ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ አንድ አዲስ ፕሮግራም እንደ ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሶ፣ አልብሶ፣ ሥራውን ከሀ ጀምሮ አስተምሮ፣ አንዲት ወረቀት አስፈርሞ ወዲያው መቅበር ነው። ሁለተኛው መንገድ ሥራውን ሁሉ ዘበኛው ሆድ ውስጥ መክተት ነው። ይሄ ይፈጥናል፤ ግን ዘበኛው አንድ ሳይሆን ብዙ ነው፣ «መጸዳጃ ቤት በየት ነው» ተብሎ ለሚጠየቀውም ዘበኛ ሳይቀር ሙሉውን መዝገብ ቤት አሸክሞ ማቆም ይሆናል፤ ማሽኑ ይታፈናል። ሦስተኛው፣ ጥቂት ሥራ የለመዱ ሠራተኞችን ጓሮ ውስጥ ዝግጁ አድርጎ ማስቀመጥና ዘበኛው ጉዳዩን በቀዳዳ እንዲያቀብላቸው ማድረግ ነው። እሱ ሦስተኛውን መረጠ። ስንት ይሁኑ ለሚለውም አርባ አድርጎ ሞከረ፤ እርስ በርስ ተረጋግጠው ማሽኑን ይዘውት ወደቁ። ሃያ አደረገ፣ ተንገዳገደ። ስምንት ሲያደርጋቸው ነፍስ ዘራ።

«ሠራተኛ» የሚለውን ቃል ከሆዱ አላመጣውም። በውጭ አገር መጽሐፍም እነዚህን ፕሮግራሞች «ሠራተኛ» ነው የሚሏቸው። እሱ በገዛ ቋንቋው ለምን ጻፈው ከተባለ ግን ምክንያት አለው። የዛሬ ዓመት በስብሰባ ላይ ያቀረበው ወረቀት ውስጥ የፈረንጅ ቃላት ነበሩበትና ኃላፊው አንዷን በስህተት የተጻፈች ቃል እየደጋገመ በሰው ፊት አነበባት። ስድሳ ሰው ሳቀ። «ከጄነሬተር ወደ ፈረንጅኛ፣ እድገት ነው!» አለ ኃላፊው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሱ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዲት የባዕድ ቃል ከእጄ አትወጣም ብሎ ማለ። ሰርቨሩን ዘበኛ፣ ፕሮግራሞቹን ሠራተኛ፣ ማሽኑን ቤት አለ። አራት ገጽ በእጁ ጽፎ ለኃላፊው ላከ። ደስ ብሎት ነበር ሲጽፈው፤ ማንም የማይስቅበት ወረቀት።

ኮሪደሩ ላይ ሰው ማስታወቂያ ሰሌዳውን ከቧል። ሲመጣ ሲያዩት መንገድ ለቀቁለት፤ ሰው መንገድ ሲለቅለት የመጀመሪያው ቀን ነበር። ወረቀቱ «በተካሄደ ጥናት መሠረት» ብሎ ይጀምራል። በመስኮት ካሉት ሠላሳ ዘጠኝ ሠራተኞች ስምንቱ ይቀራሉ፤ ሠላሳ አንዱ ከሰኞ ጀምሮ ተሰናብተዋል። ሃያ ሁለተኛ ተራ ቁጥር ላይ እህቱ አለች፣ መስኮት አሥራ አንድ። ከበስተኋላው አንዱ፣ ማን እንደሆነ አልዞረም፣ «የራሱን ስም ማስገባት ረሳው እንዴ?» አለ። ሌላው «እሱማ ነዳጅ ነው የሚበላው፣ ደመወዝ አይበላም» አለና ሳቁ። ስንት ዓመት ሲቀለድበት የኖረ ሰው ቀልዱን በድምፁ ያውቀዋል፤ የዛሬው ቀልድ ውስጥ ጥላቻ ነበረበት።

ቀጥታ ወደ ኃላፊው ጸሐፊ ሄደ። ጸሐፊዋ ደግ ሴት ናት፤ በዚህ ቤት ውስጥ ወንድሜ ብላ የምትጠራው እሷ ብቻ ናት።

«እህቴ፣ ያን ወረቀቴን እስቲ አሳዪኝ።»

«ጥናቱን?» አለችና ከመሳቢያ አወጣችለት። ጥናት! እሱ የሠራውን ነገር ማንም ጥናት ብሎት አያውቅም። አራቱ ገጽ ግን አንድ ገጽ ሆኗል፤ በታይፕ። ቆሞ አነበበው። «አርባ ሠራተኛ በአንድ ቤት ማጎር ቤቱን ያፍናል እንጂ ሥራ አያፋጥንም። ስምንት ይበቃሉ። ከአሥር ቀን በላይ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሠራተኛ ይሰናበት። አምስት መቶ ባለጉዳይ ያስተናገደ ሠራተኛ ደክሟልና በአዲስ ይተካ።» ከታች ፊርማው አለ።

«የቀረውስ? ሦስቱ ገጽ?»

«ኃላፊው ማጠቃለያውን ብቻ አምጪልኝ ነው የሚሉት። ሌላውን መቼ አንብበው ያውቃሉ?»

«ይሄ ደግሞ፣ ቀን አላልኩም እኮ። አሥር ሴኮንድ ነው ያልኩት።»

ጸሐፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አውቃለሁ ወንድሜ። አሥር ሴኮንድ ሥራ የፈታ ይሰናበት ብዬ ብተይበው ይስቁብሃል ብዬ ነው። ያን ጊዜ ሲስቁብህ አንጀቴን በልተኸው ነበር። አስተካከልኩልህ።»

ምን ይበላት? ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እሱን ከሳቅ ለማዳን ያሰበች አንዲት ሴት፣ እሷው አሥሩን ሴኮንድ አሥር ቀን አድርጋ ሠላሳ አንድ ሰው ቀበረች። አመሰገናት። ከልቡ ነበር ያመሰገናት፤ ያ ነው የሚያናድደው።

የመስኮቶቹ አዳራሽ እንደ ሁልጊዜው ሞልቷል። ሰልፉ ተጠማዝዞ እስከ ውጪው ደረጃ ደርሷል፤ ሕፃን ያለቅሳል፣ ማህተም ይደቃል። እሱ በጀርባ በር ገብቶ ከእህቱ ወንበር በስተኋላ ቆመ። አንድ ሽማግሌ መጻፍ ስለማይችሉ እሷ እየጠየቀች ትሞላላቸዋለች፤ «ስንት ነው አባባ፣ ሟች ያረፉበት ቀን?» ትላለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ ጆሯቸውም ደካማ ነው። እሱን አይታ እንዳላየች ሆነች። ወረቀቱ ላይ ማህተም መትታ፣ ፈርማ፣ በመስታወቱ ቀዳዳ አቀብላ፣ ቀጣዩን በእጇ ጠቅሳ ጠራች። ዘጠኝ ዓመት ያንን እጅ ስታውለበልብ ኖራለች። የእናታቸውን ቤት ኪራይ የሚከፍለው፣ የእናታቸውን የጉልበት መድኃኒት የሚገዛው ያ የሚውለበለበው እጅ ነው። ልጇንም ብቻዋን ታሳድጋለች።

«ስሚኝ፣ ያ የጻፍኩት...»

«ጋሼ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

«የማሽኑን ሠራተኞች ነው ያልኩት።»

«አውቃለሁ። የእጅ ጽሑፍህን ጸሐፊዋ ጋ አይቼዋለሁ።» አልዞረችም። «ሠራተኛን በንጉሡ ሠ ነው የጻፍከው። ሁሉንም። እኔ እንዳስተማርኩህ።»

ይህንን የተናገረችው ለመውጋት አልነበረም። እሱን ግን ወጋው። እሱ ስምንተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ሲወጣ እሷ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ደመወዙ አንድ፣ ልጆቹ ሁለት የሆኑበት አባታቸው አንድ ማታ ቁጭ ብሎ ሲያስብ አመሸና «አንተ ወንድ ነህ፣ የትም ትወድቃለህ፤ እሷ ትማር» አለ። እሷ ተማረች። ጎልማሳ ሆኖ በማመልከቻው ላይ ሲሳቅበት፣ ማታ ማታ ፊደሉን አንድ በአንድ ያስተካከለችለት እሷ ናት። «ሠራተኛ በእሳቱ ሰ አይጻፍም ጋሼ» ስትለው ሁለቱም ስቀው ነበር።

«ላይ ላሉት ንገራቸው እንግዲህ» አለች። «ለኔ ምን ታስረዳኛለህ? እኔማ ገብቶኛል።»

የኃላፊው በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጠ። ከኋላው የመጡ ሦስት ሰዎች ቀድመውት ገቡ። ኃላፊው በዕድሜ ከእሱ ሰባት ዓመት ያንሳል፤ መሥሪያ ቤቱ ሲመጣ ከመነሻው «አንተ» ብሎ ነው የጀመረው፤ እሱ ደግሞ ከመነሻው «እርስዎ» ብሎ፤ በዚያው ቀጥለዋል። ተራው ደርሶ ሲገባ የኃላፊው ጠረጴዛ ሰፊና ባዶ ነው። እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ሲያይ ሁልጊዜ የሚታየው የራሱ ባልዲ ነው።

«እና ስምንቱ ሰዎች አይደሉም ነው የምትለኝ?»

«አይደሉም ጌታዬ። ፕሮግራም ናቸው።»

«ይሰናበቱ ያልካቸውስ?»

«እነሱም ፕሮግራም ናቸው።»

ኃላፊው ሳቀ። ወንበሩ ሲጢጥ እስኪል፣ ዕንባውን በመሐረብ እስኪጠርግ ሳቀ። «እኔ እኮ ገርሞኝ ነበር! ይሄ ሰው እንዴት ያለ ጨካኝ ነው፣ እህቱን እንኳ አልማረም ብዬ!» ከዚያ ሳቁ እንደ ቧንቧ ተዘጋ። ተነስቶ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። ወረቀቱ ላይኛው ቢሮ መድረሱን፣ መጽደቁን፣ «ከታች የመጣ ጥናት» ተብሎ መመስገኑን ነገረው። በስምንት ሰዓት የላይኛው ቢሮ ሰዎች ሊያዩት እንደሚመጡ፣ እሱም አዲሱን አሠራር በፊታቸው እንደሚያስጀምር ነገረው።

«እኔ ምን ልበላቸው? የማሽን ሠራተኛና የሰው ሠራተኛ መለየት አቅቶኝ ነው ልበል?»

«እኔ ላስረዳቸው ጌታዬ።»

«አንተ?» አለ፤ ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከዚያ ለስለስ አለ፤ ሲለሰልስ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል። «አንድ መንገድ አለ። በቂ እውቀት ሳይኖረኝ ያቀረብኩት ጥናት ነው፣ ስምንት አይበቃም፣ ይሰረዝልኝ ብለህ ፈርመህ አምጣ። ከስምንት ሰዓት በፊት። ያን ጊዜ ዝርዝሩም አብሮ ይሰረዛል፤ እህትህም መስኮቷ ላይ ትቀመጣለች። አሠራሩን ከውጪ ሰዎች ቀጥረን እናስተካክላለን።»

«እኔስ?»

«አንተማ ድሮም ጄነሬተር አለህ። አላውቅም ብለህ ፈርመህ እንዴት ማሽን ክፍል እንተውሃለን?»

«ግን እኮ ይበቃሉ፤ ስምንቱ። ለክቼዋለሁ።»

«ታዲያ ይበቃሉ በላ!» አለው ኃላፊው። «ምርጫው ያንተ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ።»

በምሳ ሰዓት የእናቱ ቤት ሄደ፤ ከመሥሪያ ቤቱ የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። አንዲት ክፍል ናት፤ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍላ፣ ከመጋረጃው ወዲያ እህቱና ልጇ ይተኛሉ፣ ወዲህ እናቱ። ኪራዩ በዚህ ዓመት ሁለቴ ጨምሯል፤ ሁለተኛው ጭማሪ የመጣው ጣሪያው ማፍሰስ ከጀመረ በኋላ ነው። እናቱ የሚያማትን እግር በርጩማ ላይ ዘርግታ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ዳቦና ሻይ አቀረበችለት፤ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ በእጇ እየደረሰች። ዳቦው እንዳነሰ፣ ዋጋው ግን እንዳልቀነሰ፣ ባለሱቁም ሲጠየቅ «ዱቄቱን እኔ አልፈጨሁት» እንዳለ አወራችው። ከዚያ ሻዩን ደገመችለት። በዚህ ቤት ትልልቁ ነገር ሁሉ የሚነገረው በዝምታ ነው፤ አባቱ ያን ማታ ከፈረደ በኋላም ለሁለት ሳምንት ያህል ማንም ምንም አላለም ነበር።

«እህትህ ደውላልኛለች» አለች እናቱ በመጨረሻ። «ስህተት ነው፣ ጋሼ ዛሬ ያስተካክለዋል ብላኛለች።»

«አላውቅም ብለህ ፈርም ነው የሚሉኝ፣ እማዬ። ሳውቅ። ፈርሜ ወደ ጄነሬተሩ ልመለስ ነው የሚሉት።»

እናቱ አሰበች። ክፉ ሴት አይደለችም። የዳቦውን ፍርፋሪ ከጭኗ ላይ እየለቀመች ወደ ሰሃኑ መለሰች።

«እና ምን ቸገረህ?» አለች ቀስ ብላ። «አንተ መቼም የለመድክ ነህ።»

ያችን ቃል እሷ ወዲያው ረሳቻት፤ ስለ መድኃኒቷ ማውራት ጀመረች። እሱ ግን መንገዱን ሙሉ ይዟት ሄደ። የለመድክ ነህ። ልብስ ሲያጥር ለእሱ አጠረ፣ ደብተር ሲጠፋ የእሱ ጠፋ፣ ትምህርት ሲቀነስ የእሱ ተቀነሰ፤ እና ይሄ ሁሉ ልማድ ሆኖ ተቆጠረለት እንጂ ውለታ ሆኖ አልተቆጠረለትም። በሕይወቱ ዘመን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ አወቀ፤ ማንም ሳያስተምረው፣ በሌላ ሰው ባትሪ ብርሃን ሥር ቆሞ የለቀመው አንድ ነገር። አሁን እሱኑ አላውቅም በል አሉት። አንድ ሌላ ሐሳብም መጣበት፤ ያሳፈረው። ጠዋት ስሟ ተለጥፏል ሲሉ ሲሰማ፣ ከድንጋጤው በፊት፣ በጣም ትንሽ፣ የዓይን ጥቅሻ ያህል፣ ደስ ብሎት አልነበረም? አልነበረም አለ ለራሱ። መንገድ ሲሻገር ደግሞ አልነበረም አለ። አንድ መኪና ጡሩንባዋን አምባረቀችበት፤ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ዓይንህን እቤት ነው የተውከው?» አለው።

ከሰባት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ወረቀት ፊቱ ዘርግቶ ተቀመጠ። «ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው እኔ» ብሎ ጀመረ። እስክሪብቶውን ጨብጦ እህቱን አሰበ፤ የሚውለበለበውን እጅ፣ መጋረጃውን፣ ከመጋረጃው ወዲያ ያለችውን ልጅ። «ጥናቱን ያቀረብኩት በቂ እውቀት» አለ፤ እዚያ ላይ እጁ ቆመ። የቀረችው «ሳይኖረኝ» የምትል አንዲት ቃል ናት። ሕፃን ይጽፋታል። እሱ ግን አሥር ደቂቃ ተመለከታት፤ ባልተጻፈችበት ቦታ። አንዴ ሊጽፋት ያጎነብሳል፣ አንዴ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ምናልባት እንግዶቹ ሲመጡ በቃሌ ላስረዳቸው እችላለሁ፣ ሁለቱንም ላድን እችላለሁ ብሎ አሰበ። ይሄ ሐሳብ ሲመጣለት እንደ ዳነ ሰው ተነፈሰ። በሩ ሲንኳኳ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

እንግዶቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት መነጽር ያደረጉ ሴትዮ። አለቃዋ ሴትዮዋ ናቸው፤ ወንዶቹ እሳቸው ሳይቀመጡ አይቀመጡም። መቀመጫ ደግሞ የለም፤ ስለዚህ ሁሉም በባልዲው ዙሪያ ቆሙ። ኃላፊው ዓይኑን እሱ ላይ ሰካ፣ ኪሱን፣ እጁን አየ። ወረቀት እንዳልመጣለት ሲያውቅ ትከሻውን ሰበቀና «በል እንግዲህ፣ አስጀምረው» አለ። ለስምንት ሰዓት ምዝገባ ይከፈታል ተብሎ በየስልኩ መልእክት ተልኳል፤ ስክሪኑ ላይ የባለጉዳዮቹ ቁጥር ከአሁኑ ይወጣል፤ መቶ፣ መቶ ሰማንያ፣ ሦስት መቶ። አሮጌው አሠራር ማቃሰት ጀምሯል። እሱ አሮጌውን ዘጋ፣ ትእዛዟን ጻፈ፣ ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈ። ማንም ትእዛዟን ማንበብ አይችልም። አንዲት ቁጥር ቢለውጥ አርባዎቹ ተነስተው ማሽኑን ይዘውት ይወድቁ ነበር፤ በእንግዶቹ ፊት፣ ስምንት እንደማይበቃ ሁሉም በዓይኑ ያይ ነበር። ይህንን አወቀ። ጣቱ ይህንን እያወቀች ተጫነች።

ስምንቱ ተነሱ። ወረፋው አራት መቶ ደርሶ ቆመ፤ ከዚያ መውረድ ጀመረ። ሦስት መቶ፣ መቶ ሃያ፣ ዘጠኝ። ማሽኑ ድምፁን እንኳ አላሰማም። አንዱ ባለጉዳይ ሳይወጣ ሌላው ይገባል፤ ስምንቱ ሳይጋፉ፣ ሳይቆጡ፣ ሻይ ሳይጠጡ እየተቀባበሉ ይሠራሉ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር ሠርቶ አያውቅም። ከወንዶቹ አንዱ አጨበጨበ፣ ሌላውም ተከተለ፤ በመጨረሻ ኃላፊውም አጨበጨበ።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «የት ነው የተማርከው ወንድሜ?»

ይህንን ጥያቄ ሠላሳ ዓመት ሲፈራው ኖሯል፤ ዛሬ ግን በአክብሮት መጣ። «እንዲሁ በራሴ ነው» አለ።

«ጎበዝ! ሰው ከፈለገ የማይደርስበት የለም» አሉና ከያዙት ማህደር ውስጥ ወረቀቱን አወጡ። ዝርዝሩ ነው። እሱ ከቆመበት ሆኖ ሃያ ሁለተኛውን ተራ ያየዋል፣ ተገልብጦም ያነበዋል። «እንግዲህ ከሠሪው አፍ ልስማው። ስምንት ይበቃሉ?»

ኮምፔንሳቶው ማዶ እንኳ ስኳር የሚያማስል ጠፋ። ኃላፊው ጣሪያውን ያያል።

«ይበቃሉ» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ። ግን...»

«ግን ምን?» አሉ ሴትዮዋ፤ ደግ ፊት ነበራቸው። እየጠበቁት ነበር። አንዲት ደቂቃ ሙሉ የእሱ ነበረች፤ በእድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሰው አፉን እያየ ይጠብቀዋል፤ የሚጠበቀውም እንደ አዋቂ ነው። የሚቀጥለውን ቃል ቢተነፍሳት ሳቁ ይመጣል። የማሽን ሠራተኛ! ሰው መስሏቸው! ኃላፊው ይስቃል፣ ወንዶቹ ይስቃሉ፣ ሴትዮዋ ራሳቸው ይስቃሉ፤ በስሙም ለዘለዓለም ይነገራል፣ አንድ ጄነሬተር የሚባል ሰው ነበር ተብሎ።

«ግን... ሰኞ ጠዋት ሲበዛ ክትትል ይፈልጋል» አለ።

«እሱማ የት ይቀራል» አሉና ፈርመው ማህደሩን ዘጉት።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ገባ። እስከ ደረጃው ደርሶ የነበረው ሰልፍ ወደ አንድ መስኮት ሰብሰብ ብሏል። ሰዎች ስልካቸውን እያዩ «ደረሰልኝ፣ እኔም ደረሰልኝ» እየተባባሉ ይወጣሉ። ሌሎቹ መስኮቶች ላይ መጋረጃ ወርዷል። እህቱ መሳቢያዋን ወንበሩ ላይ ገልብጣ የራሷን ከመሥሪያ ቤቱ ትለያለች፤ ሹራቧ፣ የልጇ ፎቶግራፍ፣ ግማሽ የራስ ምታት ኪኒን።

«ሠራልህ ጋሼ?» አለች።

«ሠራ።»

«ሳይወድቅ?»

«ሳይወድቅ።»

ራሷን ነቀነቀች። ፊቷ ላይ ንዴት ፈልጎ አጣ፤ ንዴት ቢኖር ይሻለው ነበር። ፎቶግራፉን ሹራቡ ውስጥ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ቁልፉን ለተረካቢው ሰጠች፣ ፈረመች። ከዚያ ቦርሳዋን አንግባ ቀና አለች።

«እማዬን ማን ይነግራታል?»

«እኔ እነግራታለሁ» አለ። «እኔ እነግራታለሁ፣ አንቺ ምንም እንዳትይ።»

«አንተ ተው ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ሽማግሌውን ስታናግር የነበረው ያው ድምፅ ነው፣ ከፍ ያለና ትዕግሥተኛ። «አንተ ስትናገር ሰው ሌላ ነገር ነው የሚሰማው።»

ቀድማው ወጣች። እሱም ወደ እናታቸው ቤት የሚወስደው መንገድ አንድ ስለሆነ ተከተላት፤ አሥር እርምጃ ያህል ወደኋላ ቀርቶ። እሷ ስትቆም ይቆማል፤ አስፋልቱን ስትሻገር ይሻገራል።